ለሥጋ ደዌ የታሰበው ለወራት የሚሠራ መርፌ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከዚህ በታች የሰፈሩት ጥያቄዎች በመሃል አዲስ አበባ፣ በአራዳ፣ በልደታና በቂርቆስ ክፍለ ከተሞች፣ የሥጋ ደዌ ሕክምና የሚከታተሉ ሰዎችና አስታማሚዎቻቸው ደጋግመው የሚያነሷቸው ናቸው። መልሶቹ የሐኪምዎን ምክር የሚተኩ አይደሉም። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ተጽፈዋል።

ዛሬ ጤና ጣቢያ ብሄድ መርፌውን አገኛለሁ?

አያገኙም። ለሥጋ ደዌ በመደበኛ ሕክምናነት እንዲሰጥ የተፈቀደ፣ አንድ ጊዜ ተወግቶ ለወራት የሚሠራ መርፌ በአገራችንም ሆነ በሌላ አገር እስካሁን የለም። ያለው ጥናት ነው፤ ጥናቱም በአብዛኛው ገና በቤተ ሙከራና በአይጦች ላይ ነው። ስለዚህ «መርፌው መጥቷል» ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅዎ ሰው ካጋጠመዎት፣ የሚሸጥልዎ ነገር ሌላ መሆኑን ይወቁ። በሽታውን የሚያድነው ሕክምና ግን ዛሬም በየጤና ጣቢያው በነጻ ይሰጣል።

አንድ መርፌ ለወራት ሊሠራ የሚችለው እንዴት ነው?

ተራ መርፌ ደም ውስጥ ገብቶ በሰዓታት ወይም በቀናት ውስጥ ከሰውነት ተጣርቶ ይወጣል። ለረጅም ጊዜ እንዲሠሩ የሚዘጋጁት መርፌዎች ግን መድኃኒቱን የሚይዙት በውኃ በቀላሉ በማይሟሙ፣ እጅግ በደቀቁ ቅንጣቶች መልክ ነው፤ አንዳንዶቹም በዘይት ተበጥብጠው ይዘጋጃሉ። በመቀመጫ ወይም በጭን ጡንቻ ሲወጉ መድኃኒቱ እዚያው ይከማችና በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እየሟሟ ወደ ደም ይገባል።

አሠራሩ ለከተማችን ነዋሪ እንግዳ አይደለም። ብዙ ሴቶች በየሦስት ወሩ የሚወጉት የወሊድ መቆጣጠሪያ፣ በተለምዶ ዲፖ የሚባለው፣ የሚሠራው በዚህ መንገድ ነው። በሩማቲክ የልብ ሕመም የተያዙ ልጆች በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ የሚወጉት ቤንዛቲን ፔኒሲሊንም እንዲሁ ነው። በቅርብ ዓመታት ደግሞ ኤችአይቪን ለመከላከል በየሁለት ወሩ የሚሰጠው ካቦቴግራቪርና በዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ የሚሰጠው ሌናካፓቪር መምጣታቸው፣ «ታዲያ ለሥጋ ደዌስ?» የሚለውን ጥያቄ ይበልጥ አጠንክሮታል።

ይሁን እንጂ ሁሉም መድኃኒት ለዚህ አይመችም። መድኃኒቱ በጥቂት መጠን ባክቴሪያውን የሚገታ፣ በውኃ የማይሟሟና ከሰውነት ቀስ ብሎ የሚወጣ መሆን አለበት። ለምሳሌ ሪፋምፒሲን ለአንድ አዋቂ በአንድ ጊዜ 600 ሚሊ ግራም ያስፈልጋል፤ ይህን የሚያህል መጠን ለወራት እንዲበቃ አድርጎ በአንድ መርፌ ውስጥ ማስገባት አስቸጋሪ ነው።

ክኒኑ የሚያድን ከሆነ መርፌ ለምን ተፈለገ?

ይህ ከሁሉም በላይ ሰፋ ያለ መልስ የሚገባው ጥያቄ ነው፤ ምክንያቱም መርፌው የተፈለገው ክኒኑ ደካማ ስለሆነ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ባለሙያዎች በ1981 ሪፋምፒሲን፣ ክሎፋዚሚንና ዳፕሶን በአንድነት እንዲሰጡ ከመከሩ ወዲህ በመላው ዓለም በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሰዎች ድነዋል። መድኃኒቱ ከ1995 ጀምሮ በድርጅቱ በኩል በነጻ ይከፋፈላል። ጥቂት ባክቴሪያ ያለበት ሰው ለ6 ወር፣ ብዙ ባክቴሪያ ያለበት ለ12 ወር ይወስደዋል። ከሦስቱ ኃይለኛው ሪፋምፒሲን ነው፤ አንድ ጊዜ ብቻ ሲወሰድ እንኳ በጥቂት ቀናት ውስጥ በሰውነት ውስጥ ካሉት ሕያው ባክቴሪያዎች አብዛኞቹን ይገድላል።

ችግሩ ያለው በየቀኑ በሚወሰደው ክፍል ላይ ነው። የአዋቂ መድኃኒት ለ28 ቀን በሚበቃ አንድ እሽግ ይመጣል። በመጀመሪያው ቀን ሁለት የሪፋምፒሲን፣ ሦስት የክሎፋዚሚን እንክብሎችና አንድ የዳፕሶን ክኒን በጤና ባለሙያው ፊት ይዋጣሉ። ከዚያ በኋላ ያሉት 27 ቀናት ግን የሕመምተኛው ብቻ ናቸው፤ በየቀኑ አንድ ክሎፋዚሚንና አንድ ዳፕሶን ከፎይሉ እያወጣ መዋጥ አለበት፣ የሚያየውም የለም።

አሁን በልደታ ወይም በአራት ኪሎ አካባቢ አንዲት ክፍል ከሦስት ሰዎች ጋር ተካፍሎ የሚኖርን የቀን ሠራተኛ ያስቡ። እሽጉ በኪስ አይታጠፍም፣ ከትራስ ሥር ቢቀመጥ ይታያል፣ ፎይሉ ሲበሳም ድምፁ በጠባብ ክፍል ውስጥ ይሰማል። ስለዚህ ብዙ ሰው ክኒኖቹን ከእሽጉ ፈልቅቆ በፌስታል ይቋጥራቸዋል ወይም በትንሽ ብልቃጥ ይከታቸዋል። ያን ጊዜ የትናንቱ መወሰድ አለመወሰዱን የሚያሳየው ባዶ ቀዳዳ አብሮ ይጠፋል። ሁለት ቀን ይዘለላል፣ ከዚያ አንድ ሳምንት፤ በወሩ መጨረሻ ላይ ባለሙያው «ወስደሃል?» ሲለው «አዎ» ይላል። እንዲህ የሚለው ለማታለል አይደለም፤ ክፍሉን የሚጋሩት ሰዎች ቢያውቁ የሚደርስበትን ስለሚፈራ ነው።

ክሎፋዚሚን ደግሞ የራሱ ፈተና አለው። ቆዳን ያጠቁራል፤ በተለይ ፊትንና ቁስሉ የነበረበትን ቦታ። ጎረቤት «ምነው ጠቆርሽ?» ሲላት «ፀሐይ ነው» የምትል ሴት ጥቂት ወር ትቋቋመዋለች፣ በአራተኛው ወር ግን ክሎፋዚሚኑን እየለየች መተው ትጀምራለች። መድኃኒቱ በሰውነት ስብ ውስጥ ተከማችቶ ቀስ እያለ የሚወጣ በመሆኑ ጥቁረቱ የሚለቀው ሕክምናው ካለቀ ከወራት በኋላ ነው። መልቀቁ ግን አይቀርም፤ ይህን አስቀድሞ የነገራት ሰው ካለ መቋቋሙ ይቀላታል።

የሥጋ ደዌ እንደ ስኳር ወይም እንደ ደም ግፊት በግልጽ «ታምሜያለሁ» ተብሎ የሚነገር ሕመም አልሆነም። ለብዙ ዘመን ሰዎችን ከቤት፣ ከትዳርና ከእድር ያስወጣ ነበር፤ ዛሬም በቃል ባይነገር በዓይን የሚነገር መገለል አለ። በእኔ እምነት የመርፌው ትልቁ ተስፋ ያለው እዚህ ላይ ነው። በሁለት ወይም በሦስት ወር አንድ ጊዜ ጤና ጣቢያ ገብቶ ተወግቶ የሚወጣ ሰው፣ በቤቱ የሚደብቀው እሽግ፣ በየማታው የሚያስታውሰው ግዴታ፣ ለጥቁረቱ የሚፈጥረው ሰበብ አይኖርበትም። ሱባኤ ለመግባት ወይም ጠበል ለመጠመቅ ለሳምንታት ከቤቱ የሚለይ፣ እንዲሁም ለመኸር ወደ ገጠር የሚወርድ ሰውም ሕክምናው ሳይቋረጥበት ይሄዳል። ባለሙያውም ቢሆን መድኃኒቱ መወሰዱን በግምት ሳይሆን በእርግጠኝነት ያውቃል።

ከዚህ በፊት እንዲህ ያለ መርፌ ተሞክሮ ያውቃል?

አዎ፣ ታሪኩም ከብዙዎች ግምት በላይ ረጅም ነው። ክኒን ከመምጣቱ በፊት የሥጋ ደዌ ሕክምና ራሱ መርፌ ነበር። በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ቻልሙግራ ከተባለ የዛፍ ፍሬ የሚወጣ ዘይት በመርፌ ይሰጥ ነበር፤ ያም እጅግ የሚያምና ብዙም የማይፈውስ ነበር። በ1941 በአሜሪካ ሉዊዚያና ግዛት በምትገኘው ካርቪል ፕሮሚን የተባለ የሰልፎን መድኃኒት በደም ሥር መሰጠት ሲጀምር፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በሽታው በመድኃኒት ሲሸነፍ ታየ። ከፕሮሚን ቤተሰብ የሆነው ዳፕሶን ርካሽ ክኒን ሆኖ ሲመጣ መርፌው ተረሳ። የሥጋ ደዌ ሕክምና የሚሰጠው አለርት ሆስፒታል በሚገኝበት በዘነበወርቅ አካባቢ የሚኖሩ አረጋውያን እስከ ዛሬ «ዲዲኤስ» እያሉ የሚጠሩት ይህንኑ ዳፕሶንን ነው።

ለአሁኑ ጥናት ቅርቡ ቀዳሚ ግን አሴዳፕሶን ነው። ይህ በሰውነት ውስጥ ቀስ እያለ ወደ ዳፕሶን የሚለወጥ መድኃኒት ሲሆን፣ 225 ሚሊ ግራሙ በጡንቻ ተወግቶ ለ75 ቀናት ያህል ይሠራል። ከ1967 ጀምሮ በፓፑዋ ኒው ጊኒ ካሪሙይ በተባለ፣ ለመኪና በማይመች ተራራማ አካባቢ ለሚኖሩ ሕሙማን ተሰጥቶ ነበር። በፓስፊክ ደሴቶችም በሽታውን ለመከላከል ተሞክሯል። ሕዝቡ መርፌውን ተቀብሎታል፤ በዓመት አምስት ጊዜ ገደማ መወጋት በየቀኑ ክኒን ከመዋጥ ይሻል ነበርና።

ታዲያ ለምን ቀረ? መርፌው ደም ውስጥ የሚያኖረው የዳፕሶን መጠን አነስተኛ ነበር፤ ይሰጥ የነበረውም ብቻውን ነበር። በ1964 በማሌዥያ ዳፕሶንን የተላመደ ባክቴሪያ መኖሩ ከተረጋገጠ ወዲህ፣ በ1970ዎቹ በራሷ በአዲስ አበባ በአለርት የሚሠሩ ሐኪሞችም እንዲህ ያለውን ባክቴሪያ በብዙ ሕሙማን ላይ አገኙ፤ ከእነዚህም መካከል ዳፕሶን ወስደው የማያውቁ አዲስ ሕሙማን ነበሩ። ያን ጊዜ አንድን ደካማ መድኃኒት ብቻውን ለወራት በሰውነት ውስጥ ማቆየት ባክቴሪያውን ማሠልጠን መሆኑ ግልጽ ሆነ። ሦስቱን መድኃኒቶች በአንድነት የመስጠቱ ምክር የመጣውም ከዚህ ጭንቀት ነው፤ አሴዳፕሶንም ከሕክምናው ወጣ። የአሁኑ ትውልድ ተመራማሪዎች ይህን ታሪክ ከሁሉም በፊት ማንበብ የሚገባቸው ይመስለኛል፤ ምክንያቱም የመርፌው ምቾት ሁልጊዜ ከመርፌው ብቃት ቀድሞ ስለሚታይ ነው።

አሁን ተስፋ የተጣለበት መድኃኒት የትኛው ነው?

ቤዳኩዊሊን ነው። በአገራችን ይህ መድኃኒት በክኒን መልክ፣ መድኃኒት ለተላመደ ቲቢ ስለሚሰጥ ስሙ በቲቢ ክፍሎች ይታወቃል። የቲቢና የሥጋ ደዌ ባክቴሪያዎች የአንድ ወገን በመሆናቸው ለአንዱ የተሠራው ለሌላው መሞከሩ የተለመደ ነው። በብራዚል ብዙ ባክቴሪያ የነበረባቸው 9 ሕሙማን ለ8 ሳምንት ቤዳኩዊሊንን በክኒን ወስደው፣ ሕክምናው ሳያልቅ ከቆዳቸው የተወሰደው ባክቴሪያ ለፍተሻ በአይጥ መዳፍ ላይ ሲዘራ ማደጉን እንዳቆመ በ2024 በታተመ ጥናት ተገልጿል። የሕሙማኑ ቁጥር ትንሽ ቢሆንም መልሱ የሚያበረታታ ነው።

ይኸው መድኃኒት ለመርፌ ከሚመቹት ጥቂቶች አንዱ ነው፤ በውኃ አይሟሟም፣ ከሰውነትም ቀስ ብሎ ነው የሚወጣው። ለረጅም ጊዜ እንዲሠራ ተደርጎ የተዘጋጀው ቤዳኩዊሊን በአይጦች ላይ፣ መጀመሪያ ለቲቢ፣ ቀጥሎም ለሥጋ ደዌ ተሞክሮ ባክቴሪያውን የመቋቋም ኃይል እንዳለው ታይቷል። በሥጋ ደዌ ሕሙማን ላይ ግን በመርፌ መልክ ገና መፈተን አለበት፤ ከአይጥ መዳፍ እስከ ሰው ጡንቻ ያለው መንገድ በዓመታት የሚለካ ነው።

ጥናቱ ለምን ይህን ያህል ይዘገያል?

ባክቴሪያው ራሱ ዘገምተኛ ስለሆነ ነው። የኖርዌዩ ሐኪም አርማወር ሃንሰን በ1873 በበርገን ከተማ ካገኘው ጀምሮ እስከ ዛሬ ድረስ በቤተ ሙከራ ዕቃ ውስጥ ሊያሳድገው የቻለ የለም። አንዱ ባክቴሪያ ሁለት ለመሆን ሁለት ሳምንት ገደማ ይፈጅበታል፤ ሌሎች ብዙ ባክቴሪያዎች ይህን በደቂቃዎች ወይም በሰዓታት ያደርጉታል። ከ1960 ወዲህ መድኃኒት የሚፈተነው በአይጥ የኋላ እግር መዳፍ ላይ ባክቴሪያውን በመዝራት ሲሆን፣ አንድ ሙከራ ውጤት እስኪሰጥ ብዙ ወራት ይጠበቃል። በሰው ላይ ደግሞ በሽታው ተመልሶ መምጣት አለመምጣቱን ለማወቅ ሕክምናው ካለቀ በኋላ ለዓመታት መከታተል ግድ ነው። በሃንሰን ስም የተሰየመውና በአለርት ግቢ ውስጥ የሚገኘው የምርምር ኢንስቲትዩት ከተቋቋመበት ከ1970 ጀምሮ ከዚህ ችግር ጋር ሲታገል የኖረ ነው።

ይህ ዘገምተኝነት ለመርፌው የሚያመች ጎንም አለው። በሁለት ሳምንት አንድ ጊዜ የሚባዛን ጠላት ለመቆጣጠር በደም ውስጥ በየሰዓቱ ከፍ ያለ መጠን አያስፈልግም፤ ዝቅ ያለ ነገር ግን ያልተቋረጠ መጠን ይበቃል። መርፌም የሚሰጠው ይህንኑ ነው።

የቤዳኩዊሊን መርፌ ብቻውን ሊበቃ ይችላል?

አይበቃም፤ መብቃትም የለበትም። የዳፕሶን ታሪክ እንዳስተማረው የሥጋ ደዌ በአንድ መድኃኒት ብቻ ሊታከም አይገባም። በመርፌ ላይ ይህ አደጋ ይብሳል። ክኒን ያቋረጠ ሰው ደሙ ውስጥ ያለው መድኃኒት አብዛኛውን ጊዜ ቶሎ ያልቃል፤ መርፌ ያቋረጠ ሰው ግን ለወራት ባክቴሪያውን የማይገድል፣ ነገር ግን የሚያለማምድ ጥቂት መጠን በሰውነቱ ውስጥ ይዞ ይቆያል።

ስለዚህ ቢያንስ ሁለት፣ በሰውነት ውስጥ ተመሳሳይ ዕድሜ ያላቸው መድኃኒቶች አብረው መሰጠት አለባቸው። እዚህ ላይ ትልቁ እንቅፋት ሪፋምፒሲን ነው። ለመርፌ ካለመመቸቱም በላይ፣ ጉበት ቤዳኩዊሊንን ቶሎ እንዲያስወግደው ስለሚያደርግ ሁለቱ አብረው ሲሰጡ የቤዳኩዊሊኑ መጠን ይቀንሳል። የሪፋምፒሲን ዘመድ የሆነው ሪፋፔንቲን በመርፌ መልክ እንዲዘጋጅ ጥረት ቢደረግም ይኸው ጠባይ በእርሱም ላይ አለ።

በወር አንድ ጊዜ በባለሙያ ፊት የሚዋጡ የሪፋምፒሲን ወይም የሪፋፔንቲን፣ የሞክሲፍሎክሳሲንና የሚኖሳይክሊን ቅንብሮችም ይጠናሉ። እነዚህ ከመርፌው ቀድመው ሊደርሱልን የሚችሉ ይመስለኛል፤ እሽግ ወደ ቤት ባለመውሰድ ረገድም የመርፌውን ጥቅም አብዛኛውን ይሰጣሉ።

ተወግቼ መድኃኒቱ ባይስማማኝስ?

ይህ ሐኪሞችንም የሚያሳስብ ጉዳይ ነው። ክኒን ሰውነትን ሲያሳክክ ወይም ዓይንን ሲያቢጭ ይቆማል። ጡንቻ ውስጥ የገባን መርፌ ግን መልሶ ማውጣት አይቻልም። ዳፕሶንን ብንወስድ፣ አንዳንድ ሰው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ውስጥ ትኩሳት፣ ከባድ የቆዳ ሽፍታና የጉበት ሕመም ያለበት፣ ለሕይወት የሚያሰጋ መቆጣት ይደርስበታል፤ ያን ጊዜ የሚያድነው መድኃኒቱን ወዲያውኑ ማቆም ነው። ቤዳኩዊሊንም የልብ ምትን የኤሌክትሪክ ሥርዓት ሊያውክ ስለሚችል የልብ ምርመራ ይጠይቃል። ለዚህ የታሰበው መፍትሔ ከመርፌው በፊት ያንኑ መድኃኒት ለተወሰኑ ሳምንታት በክኒን ሰጥቶ ሰውነት መቀበሉን ማየት ነው። ለአንዳንድ የኤችአይቪ መርፌዎችም በዚህ መልክ ተሠርቷል።

መርፌው የደነዘዘ እጄን ይመልስልኛል?

አይመልሰውም። ይህን በግልጽ መናገር የሚገባው፣ ብዙ ሰው ከመርፌው የሚጠብቀው ይህንኑ ስለሆነ ነው። ክኒንም ሆነ መርፌ የሚገድለው ባክቴሪያውን ነው። ነርቭን የሚጎዳው ግን ባክቴሪያው ብቻ አይደለም፤ ሰውነት ራሱ ከባክቴሪያው ጋር ሲታገል የሚያስነሳው መቆጣትም ጭምር ነው። ይህ መቆጣት ከሕክምና በፊት፣ በሕክምና መካከል፣ ሕክምናው ካለቀ በኋላም ሊመጣ ይችላል፤ የሚታከመውም በፕሬድኒሶሎንና በመሰል መድኃኒቶች ነው።

ስለዚህ በቆዳዎ ላይ ያለው የበሽታው ምልክት በድንገት ቀልቶ ካበጠ፣ ክርንዎ ወይም ቁርጭምጭሚትዎ አጠገብ ያለው ነርቭ ካመመዎት፣ ቁልፍ መቆለፍ ካቃተዎት፣ ነጠላ ጫማ ሳያውቁት ከእግርዎ ከወለቀ ወይም ዓይንዎ ሙሉ በሙሉ መከደን እንቢ ካለ፣ የቀጠሮዎን ቀን አይጠብቁ። የነርቭ ድካም ከጀመረ 6 ወር ሳይሞላው የተገኘ እንደሆነ የመመለስ ዕድሉ ጥሩ ነው፤ ከዚያ ሲያልፍ እየጠበበ ይሄዳል። ምንም ዓይነት አዲስ መድኃኒት ቢመጣ የዘገየን ሰው እጅ ሊመልስ አይችልምና፣ ባለሙያዎችም ለመርፌው የሚሰጡትን ያህል ትኩረት ለቶሎ ምርመራ ሊሰጡ ይገባል።

ለቤተሰቦቼ መከላከያ ሊሆን ይችላል?

ወደፊት ሊሆን ይችላል፤ ተመራማሪዎችም ይህን ከሕክምናው እኩል ይመለከቱታል። አብዛኛው ሰው በተፈጥሮው በሽታውን ይቋቋማል፣ ሕክምና የጀመረ ሰውም በሽታውን አያስተላልፍም። ሆኖም አብረው ሲኖሩ የቆዩ ሰዎች ተጋላጭነታቸው ከሌላው ከፍ ያለ ነው፤ የበሽታው ምልክት ለመታየት በአማካይ 5 ዓመት፣ አንዳንዴም 20 ዓመት ይፈጅበታል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 ለእነዚህ ሰዎች አንድ ጊዜ ብቻ የሚዋጥ ሪፋምፒሲን እንዲሰጥ መክሯል፤ በባንግላዴሽ በተደረገ ሰፊ ጥናት ይህ መድኃኒት በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት የመታመም ዕድልን በ57 በመቶ ቀንሷል። በኮሞሮስ ደሴቶች ደግሞ ቤዳኩዊሊን ሲጨመርበት ጥበቃው ይጠነክር እንደሆነ እየተጠና ነው። አሁን ማድረግ የሚችሉት ቤተሰቡን በሙሉ ይዘው ለቆዳ ምርመራ መቅረብ ነው።

ነፍሰ ጡር ነኝ፤ ይመለከተኛል?

የአሁኑ የክኒን ሕክምና በእርግዝናም ሆነ በማጥባት ጊዜ አይቋረጥም። መርፌን በተመለከተ፣ ተወግታ ከወር በኋላ የምታረግዝ ሴት መድኃኒቱ በሰውነቷ ውስጥ ስለሚቆይ፣ ለእናቶችና ለሕፃናት ስላለው ደህንነት የተለየ ጥናት ከመደረጉ በፊት ሊሰጥ አይገባም።

መርፌው ቢመጣ ለእኛ ይደርሰናል?

በ2023 በዓለም ላይ በሥጋ ደዌ መያዛቸው የተመዘገበው አዲስ ሕሙማን 182,815 ናቸው፤ በኢትዮጵያም በየዓመቱ ከሁለት ሺህ በላይ አዲስ ሕሙማን ይገኛሉ። ይህ ቁጥር ለሕሙማኑ ብዙ ነው፣ ትርፍ ለሚያሰላ የመድኃኒት ፋብሪካ ግን ትንሽ ነው። ስለዚህ መርፌው የሚመጣው ለቲቢ ተብሎ ከሚሠራው ጋር አብሮ፣ ወይም እንደ አሁኑ ክኒን በእርዳታ የተደገፈ ሆኖ ነው ብዬ አስባለሁ። በአገራችን የቲቢና የሥጋ ደዌ አገልግሎት በአንድ ፕሮግራም መመራቱ እዚህ ላይ ይጠቅመናል። የሕሙማን ማኅበራት ድምፅም ወሳኝ ነው፤ ኤችአይቪ ላይ መርፌው የመጣው ሕሙማን ራሳቸው «የክኒኑ ሸክም ከብዶናል» ብለው በመናገራቸው ጭምር ነውና፣ የሥጋ ደዌ ሕሙማንም ስለሚፈልጉት መርፌ፣ በስንት ጊዜ ልዩነት መወጋት እንደሚመቻቸውና ማን ቢወጋቸው እንደሚመርጡ ጥናቱ ሳያልቅ ሊጠየቁ ይገባል።

ሕክምናዬን አቋርጫለሁ፤ መርፌው እስኪመጣ ልጠብቅ?

አይጠብቁ። የ12 ወር ሕክምና የተጀመረለት ሰው 12ቱን እሽግ በ18 ወር ውስጥ፣ የ6 ወር የተጀመረለትም 6ቱን በ9 ወር ውስጥ ከጨረሰ ሕክምናው እንደተሟላ ይቆጠራል። ስለዚህ አንድ ሁለት ወር ያመለጠው ሰው ሁሉን ነገር ከመጀመሪያው ይጀምራል ማለት አይደለም። ጊዜው ካለፈም ባለሙያው መርምሮ መልሶ ያስጀምርዎታል፤ የሚቆጣዎ ሰው ቢያጋጥም እንኳ መድኃኒቱን ሊከለክልዎ አይችልም።

በአቅራቢያዎ ወዳለው ጤና ጣቢያ ሄደው በቲቢና ሥጋ ደዌ ክፍል ይጠይቁ። የሰፈር ሰው እንዳያይዎት ከሰጉ ወደ ሌላ ክፍለ ከተማ ጤና ጣቢያ መዛወር እንደሚፈልጉ ይንገሯቸው። የነርቭ ሕመም፣ የዓይን ችግር ወይም ቁስል ካለብዎ ወደ አለርት ሊልኩዎ ይችላሉ፤ ከሜክሲኮ በጦር ኃይሎች በኩል ወደ አየር ጤና የሚሄድ ታክሲ ዘነበወርቅ ያወርድዎታል። ሲሄዱ ካርድዎንና የቀሩዎትን ክኒኖች፣ ከእሽጉ የወጡም ቢሆኑ፣ ይዘው ይሂዱ፤ ስንት እንደወሰዱና ስንት እንደዘለሉ ባለሙያው የሚያሰላው ከእነዚህ ነው።